ከሰሉን ማን ገዛው?

ዋንጫው በቅብ ቤቱ ወርቅ ከሚለብስበት ውሃ ሲወጣ ሆዱ ላይ አውራ ጣት ታትሞበት ነበር። እናትየው መጀመሪያ የውሃ ጠብታ መስሏት በጨርቅ ጫፍ ዳበሰችው፤ አልሄደም። ወደ መስኮቱ ወስዳ ብርሃን ላይ አዞረችው። ወርቁ ዙሪያውን ሁሉ እንደ ቆዳ ልጥፍ ብሎ ይዟል፤ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አልይዝም ብሎ፣ የጣቱ መስመሮች አንድ በአንድ እየተለዩ፣ ከሥር ያለው ነሐስ ገርጥቶ ይታያል። በዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት የሰው እጅ ነው። ዕቃው ተፈትጎ፣ አሲድ ውስጥ ተነክሮ፣ ታጥቦና ደርቆ ካበቃ በኋላ ባዶ ጣት ከነካው፣ ያቺ የማትታይ ቅባት ወርቁን ታስኮርፈዋለች። ለዚህም ነው እናትየው ያለ ጓንት ዕቃ ይዛ የማታውቀው፤ ባሏ፣ በህልሟ እንኳ ጓንት ታጠልቃለች እያለ ይቀልድባታል። እንግዲህ ጣቱ የማን ነው ብላ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ስታይ፣ በአሻራው መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነች ሰያፍ መስመር አገኘች። ያቺን መስመር ታውቃታለች። ልጇ ገና ሕፃን ሳለች የቆርቆሮ ክዳን አውራ ጣቷን ቆርጧት፣ ደሙ አልቆም ብሎ፣ እናትየው ጣቷ ተቆርጦ ሊወድቅ ነው ብላ በባዶ እግሯ እስከ ክሊኒኩ ሮጣ ነበር። ጣቱ አልወደቀም፤ መስመሯ ብቻ ቀረች።

ያኔ ነው ሌላው ነገር የታወሳት፣ ያውም ከረፈደ። ልጅቷ ጠዋት መጥታ ነበር። "በዚህ በኩል ሳልፍ ልይሽ ብዬ ነው" ብላ ነበር የገባችው፤ እናትየውም መጣችልኝ ብላ ደስ ከመሰኘት በቀር ምንም አላሰበችም። አሁን ግን ሐሳቧ ወደኋላ እየተመለሰ የጎደለውን ሁሉ ይለቅም ጀመር። ሰዓቱ ቢሮ የሚገባበት እንጂ በከተማ የሚዞርበት ሰዓት አልነበረም። ልጅቷ የምትሠራበት የመድኅን ድርጅት ያለው በከተማዋ ሌላ ጫፍ ስለሆነ "በዚህ በኩል" የሚባል ነገር የለም። ጫማዋም ለሰው ሠርግ ካልሆነ የማታወጣው ባለ ተረከዙ ጫማ ነበር። ልጅቷ ታጥቦ የተቀመጠውን ዋንጫ ከመደርደሪያው ላይ አንስታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ስታገላብጠው ቆይታለች። አንዴ አፏን ከፍታ ነበር። እናትየው ደግሞ በዚያው ሰዓት የቤቱ የጋዝ ቱቦ ሳይሸታት እንዳልቀረ፣ ጎረቤታቸው ደረጃ ላይ አድጧት እግሯን በጄሶ እንዳሰሩላት፣ ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ ነው ተብሎ በአውቶቡስ ውስጥ ሲወራ እንደሰማች እየነገረቻት ነበር። "አንቺ ብቻ አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ፤ ዓይን ውስጥ አትግቢ" ብላ ነበር የጨረሰችው። ልጅቷም አፏን ገጥማ፣ ዋንጫውን ወደ ቦታው መልሳ፣ "በይ ቻው እማ" ብላ ወጣች።

እናትየው ስልኳን አወጣች። የልጅቷ ስልክ ዝግ ነው። ልጅቷ ደግሞ ስልኳን ስትታጠብ እንኳ የማትዘጋ ልጅ ናት። ከዚያ ወዲያ ሐሳቧን የሚይዝላት አልተገኘም። ተባርራ ይሆናል፤ ታማ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ይሆናል፤ ክፉ ሰው ወዷት ይሆናል፤ ወይ ደግሞ አገር ጥላ ልትሄድ ለስንብት መጥታ ይሆናል። እያንዳንዱ "ይሆናል" ሲመጣ ፊተኛውን አያስወጣውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣል እንጂ። የቅብ ቤቱ ባለቤት ከበስተኋላዋ መጥቶ ዋንጫውን አየ። ይህ ሰው በሸሚዝና በክራባት ላይ የቆዳ ሽርጥ ታጥቆ የሚሠራ በመሆኑ ሰፈሩ ሁሉ "ሙሽራው" ነው የሚለው፤ እሱም በበኩሉ ለእናትየው ከሥጋቷ የተነሣ ስም አውጥቶላታል።

"ምነው ወይዘሮ ምናልባት፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀበርሽ?"

"የልጄ ጣት ነው" አለች፣ ዋንጫውን እያሳየችው። "ሰዓቱ አልነበረም እኮ። በሥራ ሰዓት ነው የመጣችው።"

ሙሽራው አሻራውን ብርሃን ላይ አየና ፊቱን ኮስተር አደረገ። ዋንጫው የትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ሽልማት ነበርና ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ከፍ አድርጎ ሊይዘው ነው። ይህን ሊነግራት አፉን ሲከፍት ፊቷን አየና ተወው። ዋንጫውን ከእጇ ወስዶ ወርቁን የሚገፈው ፈሳሽ ውስጥ ራሱ ነከረው። "ሂጂ" አላት፣ "እንዲህ ሆነሽ ከተቀመጥሽ እኔንም በወርቅ ትነክሪኛለሽ። ግን ከመምሸቱ በፊት ተመለሺ፤ ይሄን ሥራ ካንቺ እጅ ሌላ ሰው አላስነካም።"

በአውቶቡሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። ሁልጊዜ የምትቀመጠው እዚያ ነው፤ ባሏ በሹፌርነት ዘመኑ፣ መኪና ሲጋጭ ሹፌር ሳያስበው ራሱ ያለበትን ወገን ያድናል ብሎ ነግሯት ነበር። መንገዱን ሁሉ የድርጅቱን አለቃ የምትለምንበትን ቃል ስታዘጋጅ ሄደች። ልጄ ጥፋት ካጠፋች በእኔ ይሁንባችሁ ልትል አሰበች፤ ደግሞ ሳላውቅ ጥፋቷን አምኜባት ነገር ባበላሽስ አለች። ያንን ቦታ ለማግኘት ልጅቷ ስንት ፈተና ተፈትናለች። ቋሚ ሥራ፣ ጡረታ ያለው፣ ዝናብ የማይገባበት ቢሮ፣ የራሷ መሳቢያ ከነቁልፉ። እናትየው ያንን መሳቢያ አንድ ቀን ሄዳ አይታው፣ ስትመለስ ለሰፈሩ ሁሉ ስለ መሳቢያው ብቻ ነበር ያወራችው።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አወቃት። ወንበሩን ለቆ ተነሣ።

"እናቴ፣ እንዴት ነዎት? ልጅዎትን ረስተናት መሰልዎት እንዴ፤ ገና ካሁኑ ናፍቃናለች።"

"ናፍቃናለች ማለት ምንድን ነው?"

ጥበቃው አፉን ያዝ አደረገ፤ ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ልጅቷ በራሷ ፈቃድ ሥራውን እንደለቀቀች፣ ዓርብ ማታ ኬክ ቆርሰው እንደሸኟት፣ ለዓይነ ስውራን ማኅበር መጽሐፍ ለማንበብ እንደምትወዳደር፣ ማኅበሩም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ከጫማ መሸጫው በላይ ያለው ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ፈተናውም ዛሬ እንደሆነ እየተንተባተበ ነገራት። "ጥሩ ልጅ እኮ ናት" አለ በመጨረሻ፣ የሚረዳው ነገር ፍለጋ። "ኬኩን ለእኔም እዚህ ድረስ አምጥታልኛለች።"

እናትየው አመስግናው ዞር አለች። ልጄ አለች፣ ጤነኛ ናት፣ ማንም አላባረራት። ነፍሷ መለስ ማለት ነበረባት። ከዚያ ይልቅ የምታስበው ኬኩን ብቻ ነበር። ጥበቃው ኬኩን በልቷል። በር ከፍቶ በር የሚዘጋ የሰው ሰው ኬኩን በልቶ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እናት ግን ከበር ላይ ነው የሰማችው። በእግረኛው መንገድ ዳር ቆማ ለባሏ ደወለች። ባሏ ዓይኑ እየደከመ መሪ ከለቀቀ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው፤ ማታ ማታ ልጅቷ ጋዜጣም ልብ ወለድም ታነብለታለች፤ እናትየው ደግሞ ወጥ ቤት ሆና የሳህኑን ድምፅ ከልጇ ድምፅ በላይ ታሰማለች። ስልኩን አነሣና "ሰማሽ እንዴ?" አላት፣ ገና ሳትናገር።

"አንተም ታውቅ ነበር?"

ከወዲያ በኩል የራዲዮኑ ድምፅ ይሰማ ነበር። ባልየው ሲያጠፋው ተሰማት።

"ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ? እኔ ምናችሁ ነኝ?"

"አትቆጪ" አላት፣ ቀስ ብሎ። "ላንቺ አንድ ነገር ሲነገርሽ ገና ሳይወለድ ትቀብሪዋለሽ። ልጅቷ ፈራች። ፈተናውን ልለፍና ከዚያ እነግራታለሁ አለች። ከዚያ ደግሞ አልቻልኩም፣ ጠዋት ሄጄ እነግራታለሁ አለች። አልነገረችሽም?"

"ዕድል አልሰጠኋትም" አለች እናትየው። ይህን ስትል ለራሷም ገና መስማቷ ነበር።

ማኅበሩ ያለበት ሕንፃ ደረጃ ጠባብ ነው፤ የእጅ መደገፊያው በብዙ መዳፍ ተዳብሶ እንደ ተወለወለ ዕቃ ያበራል። እጇ ከልማድ የተነሣ ብረቱን መረመረው፤ ቅቡ አልቋል፣ ያበራው ከሥሩ ያለው ነው። ከላይ የልጇ ድምፅ ይመጣል። እናትየው በዚህ ሁሉ ዓመት ያንን ድምፅ ከሳህን ጋር ሳይቀላቀል ሰምታው አታውቅም ነበርና ደረጃው መሃል ላይ ቆም አለች። በሩን ገፋ አድርጋ ስትገባ አዳራሹ ጨለማ ነው። አንድም ሰው መብራት ማብራት አላሰበም፤ ለማን ብለው ያብሩት። መጋረጃው እንደተዘጋ፣ ሰዎቹ በወንበራቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ አንድ ወገን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከፊት ለፊት ብቻ አንዲት የጠረጴዛ መብራት አለች፤ ከሥሯ ልጇ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ፣ ባዶ እግሯን አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋ ታነባለች። ከብርሃኑ ውስጥ ሆና ጨለማው ውስጥ ያለውን ማየት አትችልም። እናትየው በበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ኮምጣጤ የሚሸተው ማነው?" አለ ከጎኗ ያለ ሰው በሹክሹክታ።

"እኔ ነኝ። የሥራ ነው፣ ይቅርታ።"

"ችግር የለም። ብቻ ትንፋሽሽን ቀነስ አድርጊው፤ አልሰማ አልኩ።"

መጽሐፉ የሚያወራው ስለ አንድ እርሳስን ወርቅ ለማድረግ ስለተነሣ ሰው ነበር። ሰውየው ገና በጉብዝናው፣ እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ነገር ብቻ እንደተፈጠረ፣ ያንን ሳይሠራ ከሞተ ግን በሰው ቤት በአደራ ተቀምጦ እንደተረሳ ዕቃ እንደሆነ አንድ መንገደኛ ነገረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬቱን ሸጦ፣ ወዳጆቹን ተሰናብቶ፣ ሰገነቱ ላይ ምድጃ ተክሎ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ቀንም ሌሊትም እሳቱ አይጠፋም። ሚስቱ በበሩ ሥር ዳቦ ታቀብለዋለች፤ "እህሳ?" ስትለው "ገና ነው" ይላታል። ጎረምሶች ከሥር እያለፉ ያሾፉበታል፤ ጭሱ ጣራውን አጠቆረው፤ ጢሙ ሸበተ፤ እሳቱ ግን ይነዳል። ልጅቷ ይህን ስታነብ ድምፅዋን ከፍ ዝቅ አታደርግም፤ ቃሉን እንደ ሞላ ብርጭቆ ይዛ ነው የምታልፈው፣ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ። እናትየው መጀመሪያ ልጇን እንጂ ታሪኩን አልሰማችም። ሳል ቢይዛት፣ ገጽ ብትዘል፣ መብራት ቢጠፋ ምን ይውጣታል እያለች የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠመዝዝ ቆየች። መቼ እንደሆነ ሳታውቀው ግን በሐሳቧ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ምድጃው ታያት። እሷ ምድጃ ታውቃለች፤ አንድ ዕቃ ለማሞቅ ምን ያህል እሳት እንደሚበላ፣ እሳት ደግሞ ምን እንደሚበላ ታውቃለች። ሰውየው ሲጸልይ፣ ሰውየው ሲያልም፣ ሰውየው ከዋክብትን ሲቆጥር እሳቱ ዝም ብሎ ይነዳል፣ ይነዳል።

"ከሰሉን ማን ገዛው?"

ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ እሷም እንደ ሌላው ዞር አለች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ያዘች። ልጅቷ ማንበቧን አቆመች፤ ዓይኗን ወደ ጨለማው አፈጠጠች። ከዚያ ከእናትየው ጎን ያለው ሰው ከሆዱ ሳቀ፣ ከፊት ሌላው ተቀበለው፣ ሳቁ ወንበር ለወንበር እየዞረ ሄደ። እናትየው ግን አልሳቀችም። እንዳሰበችው ሆነ፤ የፈራችው ሁሉ ደረሰ፤ ያውም በገዛ አፏ። ልጇን ከፈተና ላይ በገዛ አፏ አስወጣቻት።

ከፊት ረድፍ አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ሳቁ ቆመ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የስልክ አገናኝ ሆና የሠራች የማኅበሩ ሰብሳቢ ነበረች፤ "ስልከኛዋ" ነው የሚሏት። "ጥያቄው የእኔም ነበር" አለች። "ከቅድም ጀምሮ ምላሴ ላይ ነው። አንባቢዋ፣ መልስ አለሽ?"

ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችም። መጽሐፉን ትንሽ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ተወችው። "መጽሐፉ አይልም" አለች። "ሚስትየው ትመስለኛለች። ሰውየው መሬቱን ሸጧል፣ ከሰገነቱም አይወርድም፤ ያለችው እሷ ብቻ ናት። በሩን ግን ከፍቶላት አያውቅም።" ድምፅዋ እዚህ ላይ ቀጠነ። "እንደማስበው፣ ወርቅ ሳይዝ ፊቷን ማየት ፈርቶ ነው።"

"በይ ቀጥዪ" አለች ስልከኛዋ።

ልጅቷ ቀጠለች። እርሳሱ አንድ ቀን ማለዳ ቢጫ ሆነ፤ ሰውየው መስኮቱን ከፍቶ ጮኸ፤ ከተማው ወጣ፤ ያሾፉበት ሁሉ ተንበረከኩ። እናትየው ሚስትየዋን ጠበቀች። አልመጣችም። ታሪኩ እስኪያልቅ ድረስ ጸሐፊው ወርቁን ሲያበራ፣ ሰውየውን ሲያስከብር፣ ያቺ ሴት በበሩ ሥር ዳቦ ካቀበለችበት ገጽ ወዲህ አንዴም ስሟ አልተነሣም። ልጅቷ መጽሐፉን ዘጋችው።

"እዚህ ቤት እጅ አይወጣም" አለች ስልከኛዋ፣ ለአዲስ ሰው እንደሚነገር። "ማን እጁን እንዳወጣ ማን ያያል። ይህ ድምፅ ተቀድቶለት ቤቱ ይዞት መሄድ የሚፈልግ፣ በፊቱ ያለውን ያንኳኳ።" ከዚያ ወደ በሩ ወገን ዞረች። "የከሰሏ ሴትዮ ግን አታንኳኪ። ድምፅሽና የአንባቢዋ ድምፅ ከአንድ ጉሮሮ የወጣ ነው፤ እናቷ ነሽ።"

እናትየው እጇን ጉያዋ ውስጥ ደበቀች። መጀመሪያ አንድ ሰው ጠረጴዛ አንኳኳ። ከዚያ ምንም። ይኸው ወደቀች ልትል ስትል፣ ከመሃል አንድ ሌላ የወንበር መደገፊያ አንኳኳ፤ ከጎኗ ያለው ሰው በበትሩ መሬቱን መታ፤ ከዚያ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ እስከማይለይ ድረስ እንጨትና ብረት፣ ጉልበትና ወለል ሁሉ ተንኳኳ፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ እንደሚጀምር ነበር። "ሰሚ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አላስችል ብሎት የሚናገርለት አንባቢ ካገኘን ቆይተናል" አለች ስልከኛዋ፣ ሲረጋጋ። "ሰኞ ነይ። ውሃ ይዘሽ ነይ፤ የእኛ ቧንቧ ዝገት ዝገት ይላል።"

እናትና ልጅ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷ ጫማዋን ለማጥለቅ፣ እናትየው ልትጠብቃት። ከሥር የጫማ መሸጫው የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም የተረከዙን ማሰሪያ እንጂ እርስ በርስ አልተያዩም።

"ጣትሽን ዋንጫው ላይ ትተሽ ሄድሽ" አለች እናትየው።

ልጅቷ አውራ ጣቷን አየች። "ልነግርሽ ነበር እኮ የመጣሁት።"

"አውቃለሁ። እኔ ስለ ጋዙ ሳወራ።"

"ስለ ጋዙ፣ ስለ ጎረቤታችን እግር፣ ስለ ሠራተኛ ቅነሳው..."

"ጥበቃው ኬክ በልቷል።"

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ እናትየው መጀመሪያ ስታለቅስ መሰላት፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ መሆኑን አየች፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሁለቱም ነገር ሆነ። እናትየው መሐረብ አውጥታ ሰጠቻት። የመሐረቡ ጫፍ በአሲድ ተበሳስቷል።

"ደሞዙስ?"

"ከበፊቱ ከግማሽ ያንሳል። በቀሩት ቀናት ጽሕፈት እሠራለሁ።"

"ጡረታስ አለው?"

"አላውቅም።"

"ማኅበሩ ቢዘጋስ? ገንዘብ ቢያልቅባቸውስ?"

"አላውቅም እማ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።"

እናትየው የሚቀጥለው ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጉሮሮሽ ቢዘጋስ የሚል ነበር። ይሄኛውን ዋጠችው። ሲወርድ ተሰማት። "ደህና" አለች፣ እየተነሣች። "እኔም አላውቅም። አለማወቅሽን ነግረሽኝ አለማወቁ ውስጥ አብረን ብንቀመጥ ይሻለኛል። ሰው ደጅ ላይ ቆሜ ከምሰማው።" ጥቂት ደረጃ ወርዳ ዞር አለች። "ደግሞ ያ ሰውዬ በሩን ቢከፍትላት ምን ይጎዳው ነበር? ወናፉን ትይዝለት ነበር እኮ።"

ቅብ ቤት ሲደርሱ ሙሽራው ክራባቱን ወደ ትከሻው ጥሎ ዋንጫውን አጥቦ ጠበቃቸው። ልጅቷን ሲያይ ሁለት ጓንት አንሥቶ፣ "ባለ አሻራዋ፣ መጀመሪያ እጅሽን" አላት። እናትየው ዋንጫውን እንደገና ፈተገችው፣ ነከረችው፣ አጠበችው፤ ልጅቷ በጓንት በመዳብ ሽቦ አንጠልጥላ ያዘችላት። ወደ ወርቁ ውሃ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ነሐሱ ያው ነሐስ ነው። ከዚያ ሳይታሰብ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ባልሞላ ጊዜ፣ ቀለሙ ይሞቃል። ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚህ ቤት ስትመላለስ አንድም ቀን ቆማ አይታው አታውቅም ነበር። ወደ ውሃው ጎንበስ አለች።

"እውነተኛ ወርቅ ግን አይደለም አይደል?" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ነው እንጂ" አለች እናትየው። "ስስ ነው እንጂ እውነተኛ ነው። የሚቆየው እንደ ያዡ ነው።"

ዋንጫው ሲወጣ ሆዱ ላይ የሙሽራው ክራባትና የሁለቱ ሴቶች ፊት ተጣጥፎ ታየ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ቤት ሲደርሱ ባልየው ራዲዮኑን አጥፍቶ፣ ጠረጴዛው አጠገብ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። የእግራቸውን ኮቴ ከሩቅ ነው የለየው። ፊቱ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ሆኗል። እናትየው ቦርሳዋን ሰቅላ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ሻይ ጥዳ እስክትመለስ ሦስቱም ዝም አሉ፤ ዝምታው ግን እንደ ትናንቱ አልነበረም። የትናንቱ ዝምታ አንድ ነገር የተደበቀበት ነበር፤ ይሄኛው ባዶ ነው፣ ሰው ሊቀመጥበት ይችላል።

"ለእኔም እኮ ኬኩ አልደረሰኝም" አለ ባልየው በመጨረሻ።

"እሰይ" አለች እናትየው፣ ብርጭቆውን በእጁ እያስያዘችው። "ቢያንስ በአንዱ እኩል ነን።" ከዚያ ከወጥ ቤቱ ትንሿን በርጩማ አምጥታ፣ ሳህኑን እንዳለ ትታ፣ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ባልየው የበርጩማውን ድምፅ ሰምቶ ራሱን ቀና አደረገ። "ያንን መጽሐፍ አምጪው" አለች እናትየው። "አባትሽም ይስማው። ሰኞም እሱን ነው የምታነቢው?"

"አዎ፣ የምንቀዳው የመጀመሪያው እሱ ነው።"

"ታዲያ ሚስትየው የት ሄደች?"

"የለችም እማ። ጸሐፊው ረሳት መሰለኝ።"

"አንቺ ጨምሪላታ፣ አንዲት ቃል።"

"አይቻልም። የተጻፈውን ብቻ ነው የማነበው፤ አንድ ቃል ብጨምር ያባርሩኛል።"

መባረር የሚለው ቃል እናትየውን እንደ ልማዱ ሊያስነሣት ነበር፤ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበርና አለፋት። ሻይዋን አንዴ ፉት አለች። "እንግዲያው" አለች፣ "እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሺ፣ መስኮቱን ከፍቶ ሲጮህ፣ ትንሽ ቆም በይ። ቃል አትጨምሪ። ቆም ብቻ በይ፤ እኛ እንጨምራለን።"

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ከዚያ መጽሐፉን ከፍታ፣ ቦታውን ፈልጋ፣ ማንበብ ጀመረች። እርሳሱ ቢጫ ሆነ። ሰውየው መስኮቱን ከፈተ። ልጅቷ ቆም አለች። ባልየው ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊያደርስ መንገድ ላይ ያዘው። በዚያች በቆመችው ትንፋሽ ውስጥ፣ እናትየው አንዲት ሴት በከሰል የጠቆረ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ደረጃውን ስትወጣ ሰማቻት። ልጅቷ ቀጠለች።

ባልየው ሊተኛ ሲነሣ እናትየው በሩን ልትዘጋ ሄደች። በዚያ ቤት በር የሚዘጋበት ሥርዓት አለ። ቁልፉ ይዞራል፤ እጀታው ይሳባል፤ ወደ ጋዙ ተሂዶ ይታያል፤ ተመልሶ እጀታው ደግሞ ይሳባል፤ በመጨረሻ የወጥ ቤቱ ወንበር ተጎትቶ ከበሩ ጀርባ ይደገፋል። ወንበሩ ሲጎተት የሚያሰማው ጩኸት ለቀሪዎቹ ሁለቱ የእንቅልፍ ደወላቸው ነበር። እናትየው ቁልፉን አዞረችው። እጇ ወደ እጀታው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። ከጓዳው ልጅቷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማት።

"አንገትሽን በሻርፕ ጠቅልለሽ ተኚ" አለች እናትየው ወደ ጓዳው።

"እሺ እማ።"

ባልየው በመኝታ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ቆሞ የወንበሩን ጩኸት ይጠብቅ ነበር። ጠብቆ ጠብቆ፣ "ዘጋሽው እንዴ?" አላት።

"ዘጋሁት" አለችና መብራቱን አጠፋች።